ምዕራፍ ስድስት፦ አስታጣቂውና ትጥቅ አስፈቺው

መጋቢት 5፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ሲከበር፣ ሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚደረገውን ፍተሻ የማያውቅ የደቡብ አዲስ አበባ ምእመን ጥቂት ነው። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ይሰለፋሉ። የፈታሹ እጅ ከብብት ይጀምርና በወገብ ዞሮ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ጋቢ የደረቡ አዛውንት «አባባ፣ ይቅርታ፣ እጅዎን ከፍ ያድርጉልኝ» ሲባሉ መቋሚያቸውን ለጎናቸው ሰው አስይዘው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። እናቶች ሳይጠየቁ ጧፍና ዕጣን የያዙበትን ፌስታል ከፍተው ያሳያሉ። የሚቆጣ የለም። «እኔ ምን ይዤ ልገባ?» ብሎ የሚያጉረመርም ቢገኝ እንኳ ዝም የሚያሰኘው ከኋላው ያለው ሰልፈኛ ነው።

በዚያው ዕለት ጎጃም ወይም ጎንደር ገጠር ወዳለ የአቦ ደብር ብንሄድ የምናየው ሌላ ነው። ገበሬው ክላሹን በትከሻው አንግቶ ይመጣል፤ መጥቶም ከቅጥሩ ውጪ ከእኩዮቹ ጋር ዛፍ ሥር ያርፋል። የሚፈትሸው የለም፤ ሊፈትሸው የሚነሳ ቢኖርም ፈታሹ ራሱ የታጠቀ ሚሊሻ ነው። ይህ ገበሬ በሰርግ ይተኩሳል፣ በለቅሶም ይተኩሳል። ጠመንጃ የሌለው አባወራ ድንበሩ የሚገፋበት ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜም አልተሳሳተም።

ሁለቱ ሰዎች የሚተዳደሩት በአንድ ሕግ ነው፤ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012። ይህ ምዕራፍ የሚጠይቀው እንዲህ ያለ ሕግ ይሠራል ወይ ብቻ አይደለም። ለስንት ጊዜ ይሠራል? የት ይሠራል? መሥራት ሲያቆምስ ማን አቆመው? በሌላው ዓለም ስለ መሣሪያ ቁጥጥር የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በመንግሥትና በባለመሣሪያው ዜጋ መካከል ነው። በእኛ ታሪክ ግን ትጥቅ አስፈቺውና አስታጣቂው አንድ ሰው ሆኖ ይገኛል። አንድ የመሣሪያ ሕግ ዕድሜው የሚቆጠረው ከታወጀበት ቀን ሳይሆን መንግሥት ለመጨረሻ ጊዜ «ታጠቁ» ካለበት ቀን ነው ብዬ የማምነውም ለዚህ ነው።

ከሳሪስ አቦ ወደ መሀል ከተማ በቀላል ባቡሩ መስመር የሚጓዝ ሰው አደይ አበባን፣ ነፋስ ስልክንና ላንቻን አልፎ ጠመንጃ ያዥ ከሚባለው ፌርማታ ይደርሳል። የአዲስ አበባ የጥንት ሠፈሮች በየጭፍራውና በየሥራ ክፍሉ የተሠፈሩ ናቸውና ሠፈሩ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ዋና ከተማዋ ስትቆረቆር ጠመንጃ የግል ዕቃ ሳይሆን ከጌታ ግምጃ ቤት ወጥቶ በጭፍራ ትከሻ ላይ የሚውል ሹመት ነበር። ያዡ ከባለቤቱ የተለየ ነበር፤ የመጀመሪያው የመሣሪያ ቁጥጥራችንም ይኸው ነበር። ግምጃ ቤቱን የያዘ ቁጥጥሩን ይዟል፤ ሌላ አዋጅ አላስፈለገውም።

ያ ሥርዓት የፈረሰው ጠመንጃው ሲበዛ ነው። መብዛቱን ደግሞ ለማገድ የሞከሩት መጀመሪያ አውሮፓውያን ናቸው። በ1882 ዓ.ም. የብራስልስ ጉባኤ ባሪያ ንግድን ለማጥፋት ባወጣው ስምምነት ውስጥ፣ ከምድር ወገብ በላይና በታች ሰፊ ቀበቶ የሚሸፍነው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባበት የሚከለክል አንቀጽ አስገባ። ምክንያቱ ባሪያ ፈንጋዩን ትጥቅ ማስፈታት ነበር፤ ውጤቱ ደግሞ ቅኝ የሚገዛውን ሕዝብ ባዶ እጁን ማስቀረት። ኢትዮጵያ ግን የስምምነቱ አባል ሆና ስለ ተቆጠረች መንግሥቷ መሣሪያ የሚያስገባበት በር አልተዘጋባትም። በጅቡቲና በሐረር በኩል የገባው ውጅግራና ስናድር፣ ጣሊያን ራሷ በወዳጅነት ዘመን ያቀረበችው ጠመንጃና ጥይት ሳይቀር፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ተገናኘ። የዓለም የመጀመሪያው ትልቅ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ስምምነት በእኛ በኩል የከሸፈው፣ ስምምነቱን ከፈረሙት አንዷ ለሌላዋ ፈራሚ መሣሪያ እየሸጠች በመሆኑ ነው። ይህንን በመክሸፉ ደስ እያለኝ እጽፈዋለሁ።

ከዓድዋ በኋላ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በ1899 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን መሣሪያ ለመቆጣጠር ተፈራረሙ። በመስከረም 1916 ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆንም ከቀረቡባት ግዴታዎች አንዱ የመሣሪያ ንግድ ገደብ ነበር። በነሐሴ 1922 ደግሞ ከሦስቱ መንግሥታት ጋር ፓሪስ ላይ የተፈረመው ውል መሣሪያ የማስገባቱን ሥልጣን ለማዕከላዊ መንግሥቱ፣ ማለትም ለንጉሡ ብቻ ሰጠ። በወረቀት ላይ ይህ ትልቅ ድል ነው፤ መሳፍንቱ በየጠረፉ የራሳቸውን ጠመንጃ የሚያስገቡበት ዘመን በሕግ ተዘጋ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ግን ጣሊያን በሶማሊያና በኤርትራ በኩል ጦር ስታከማች፣ ሌሎቹ መንግሥታት «ለሁለቱም ወገን አንሸጥም» አሉ። ለሁለቱም ማለት፣ ፋብሪካ ላላትም ለሌላትም። እገዳው ከኢትዮጵያ ላይ የተነሳው ወረራው መስከረም 22 ቀን 1928 ከተጀመረ በኋላ ነበር። የማይጨው ዘማች ለበንና አሮጌ ምንሽር ይዞ ታንክ ፊት የቆመበትን ታሪክ ያደመጠ ገበሬ፣ «መሣሪያህን አስረክብ፣ መንግሥት ይጠብቅሃል» ሲባል ለምን እንደሚያቅማማ ለመረዳት የሥነ ልቦና ትምህርት አያስፈልግም።

አርበኛው አምስቱን ዓመት የተዋጋው በማረከው ጠመንጃ ነው። ከድል በኋላ ጠመንጃው አርበኛውም ቤት፣ ባንዳውም ቤት፣ ሽፍታውም ዋሻ ውስጥ ቀረ። በንጉሡ ዘመን ስለ ምዝገባና ፈቃድ ሕጎች ወጡ፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉም ቅጣት ደነገገ። ግን ምዝገባ ማለት ለገበሬው ግብር የሚያስከትል መዝገብ ማለት ነበር፤ የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በመሬት ግብር ምክንያት ሲያምፅ ያ መሣሪያ ከጓዳ ወጣ።

ደርግ ሲመጣ የማስታጠቅና የማስፈታት ሥራ በአንድ እጅ የሚሠራበት ዘመን ሆነ። ባላባቱን ትጥቅ አስፈታ፤ የገበሬ ማኅበሩን አስታጠቀ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ጓድ አቋቁሞ ጠመንጃ ሲያድል፣ በመጋቢት 1969 ደግሞ መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ። ያን ጊዜ ሳሪስ የፋብሪካ ሠፈር ነበረ፤ የጨርቃ ጨርቁ፣ የጎማው ፋብሪካ ሠራተኛ የሚኖርበት። በአሰሳው የተገኘ ሽጉጥ ለባለቤቱ ሞት ማለት ነበር። ያኔ ወጣት የነበሩ የከተማዋ ሰዎች የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ስለ ተጣለ ሽጉጥ የሚያወሩት ብዙ አላቸው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሕጉ «ሠርቷል» ማለት ይቻላል? ከተማዋ ውስጥ በግለሰብ እጅ ያለው መሣሪያ በእርግጥ ቀንሷል፤ በመሣሪያ የሞተው ሰው ቁጥር ግን ቀይ ሽብር በሚባለው ስም የሚታወቅ ነው። የመሣሪያ ሕግን ስኬት በተሰበሰበው ጠመንጃ ብዛት የሚለካ ሰው ይህንን ወቅት ደጋግሞ ቢያስብ ይጠቅመዋል።

ከዚያ ግንቦት 20 ቀን 1983 መጣ። ከአፍሪካ ታላላቅ ሠራዊቶች አንዱ የነበረው ጦር በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበተነ። ወታደሩ ወደ አገሩ በእግሩ ሲሄድ ክላሹን በዳቦ፣ በሲቪል ልብስ፣ በመሳፈሪያ ገንዘብ ለወጠ። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 27፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የነበረ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ብዙ ነዋሪ ጨረሰ፤ ኬንያዊው ዝነኛ የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ግራ እጁን ያጣው፣ ባልደረባው ጆን ማታይም የሞተው ያን ዕለት ነው። የደቡብ አዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያን በጅምላ ያወቀው በዚያ ንጋት ነው። ተመሳሳይ ነገር በአልባኒያ የደረሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ነበር፤ መንግሥት ሲፈርስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መሣሪያ ከመጋዘን ተዘረፈ፣ ያ መሣሪያም ወደ ጎረቤት ኮሶቮ ጦርነት ተሻገረ። የእኛው የት እንደ ሄደ በየገጠሩ ጓዳ ሲቆጠር ኖሯል።

እዚህ ላይ ሕግ አዋቂ አንባቢን የሚያስገርም ነገር አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 21 የጦር መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥቱ በግልጽ ሰጠ። ዝርዝር አዋጁ የወጣው ግን በ2012 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ አገሪቱ የተዳደረችው በንጉሡ ዘመን ድንጋጌዎች፣ በየክልሉ መመሪያና በወንጀል ሕጉ ሁለት አንቀጾች ነበር፤ አንቀጽ 481 የመሣሪያ ንግድን ሲቀጣ፣ አንቀጽ 808 ደግሞ ያለ ፈቃድ መያዝን ከደንብ መተላለፍ መደብ ውስጥ አስቀመጠው። ፖሊስ ሽጉጥ የያዘ ሰው አቅርቦ፣ ሰውየው በቀላል መቀጮ ወጥቶ በር ላይ ሲያልፈው ማየቱ የተለመደ ነበር ይላሉ የዘመኑ መርማሪዎች።

እንዲህ የዘገየው በቸልታ ይመስላል፤ እኔ ግን ቸልታ ነው ብዬ አላምንም። ኢሕአዴግ ገጠርን ያስተዳደረው በሚሊሻ ነው። የሚታመነው ገበሬ መሣሪያው ይመዘገብለታል፤ የማይታመነው ይነጠቃል። ጥርት ያለ፣ ለሁሉም እኩል የሆነ የፈቃድ ሕግ ይህን የመምረጥ ነፃነት ያሳጣ ነበር።

አዋጅ 1177 የተወለደው በድንጋጤ ነው። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 15 ቀን 2011፣ የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር አምባቸው መኮንን ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሕር ዳር፣ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንን አዲስ አበባ ላይ ተገደሉ። በየኬላው የሚያዘው መሣሪያ የየዕለቱ ዜና ሆነ፤ በነዳጅ ቦቴ ውስጥ፣ በሰሊጥ ጆንያ መሀል፣ በመኪና ወንበር ሥር በተሠራ ሻጥር። በ2011 መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ ተያዘ ያለው ዝርዝር 21 መትረየስ፣ ከ33 ሺህ በላይ ሽጉጥ፣ 275 ጠመንጃና 300 ሺህ ጥይት ነበር።

ይህን ዝርዝር ቆም ብለን እናንብበው። ከአንድ መቶ ሽጉጥ አንድ ጠመንጃ አይደርስም። ጠመንጃ የገበሬ መሣሪያ ነው፤ ትከሻ ላይ ይታያል፣ ለድንበርና ለከብት ጥበቃ ይሆናል። ሽጉጥ ግን የከተማ ነው፤ ኮት ሥር ይገባል። ከ33 ሺህ በላይ ሽጉጥ ማለት ደላላው ገበያውን ከገጠር ወደ አዲስ አበባና ወደ ክልል ከተሞች አዙሯል ማለት ነው። አብዛኛው ደግሞ የቱርክ ስሪት ነበር። ቱርክ ውስጥ ለድምፅ ብቻ ተብሎ የሚሸጥ፣ አፈሙዙ ተበስቶ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የሚደረግ ሽጉጥ በአፍሪካ ገበያ የተስፋፋው በዚሁ ጊዜ ነው። ርካሽ ነው፣ በብዛት ይገኛል፣ አንዳንዴም ተኳሹ እጅ ላይ ይፈነዳል።

የተያዘው ብዛት ግን ስላልተያዘው የሚነግረን የለም። ፖሊስ ብዙ ሲይዝ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ቁጥጥሩ ጠብቋል፣ ወይም ጎርፉ ጨምሯል። ጄኔቫ የሚገኘው የትናንሽ የጦር መሣሪያዎች ጥናት ተቋም በአውሮፓውያኑ 2017 በዓለም 857 ሚሊዮን መሣሪያ በሲቪል እጅ እንዳለ ሲገምት፣ ለኢትዮጵያ የሰጠው ግምት 400 ሺህ እንኳ የማይሞላ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሰሜን ጎንደርን ወይም የምሥራቅ ጎጃምን ገበያ ያየ ሰው በዚህ ቁጥር ፈገግ ይላል። የሞቱንም መዝገብ ብንፈልግ፣ በአገር ደረጃ የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ በጥይት የሞተና በሌላ ምክንያት የሞተን ለይቶ ከዓመት ዓመት ማነጻጸር የሚያስችል ሰንጠረዥ በዚህ ዕድሜ አይገኝም። ከእነዚህ ሁሉ የሚሻለው መለኪያ የጥይት ዋጋ ነው። የጥይት ዋጋ ሲንር ገበሬው የሆነ ነገር ፈርቷል ማለት ነው፤ ሲወርድ ደግሞ ወይ ሰላም ነው፣ ወይ ከመጋዘን የወጣ አለ።

አዋጁ በወረቀት መጥፎ አይደለም። ለግለሰብ ፈጽሞ የማይፈቀዱ መሣሪያዎችን ለየ፤ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ቢያንስ 21 ዓመት እንዲሞላው አደረገ፤ ሕገወጥ ንግዱ ብዛት ሲኖረው ከ8 እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ አደረገው። መሣሪያ መያዝ ባህል በሆነባቸው አካባቢዎች ማን ምን ሊይዝ እንደሚችልም ለመወሰን ሞከረ። ከመደንገጉ በፊት ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. ስለ ትናንሽ የጦር መሣሪያዎች ቁጥጥር የተዘጋጀውን የናይሮቢ ፕሮቶኮል ፈርማለች፤ ፕሮቶኮሉ አውቶማቲክና ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በሲቪል እጅ ጭራሽ እንዳይገኝ ይላል። ክላሽ ያለበትን የገጠር ቤት ሁሉ ወንጀለኛ የሚያደርገውን ይህን ቃል አዋጁ በባህል ስም ማለዘቡ ብልህነት ነበር፤ ሊፈጸም የማይችል ሕግ ሌላውንም ሕግ ይዞ ይወድቃልና።

ለአዋጁ ጊዜ የሰጠው ግን አልነበረም። ታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ላይ ጸደቀ፤ ጥቅምት 24 ቀን 2013 የትግራይ ጦርነት ተጀመረ። አሥር ወር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሳሪስ ሰው አይረሳውም። በሐምሌ 2013 የያኔው የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር አገኘሁ ተሻገር የመንግሥትም ይሁን የግል መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲዘምት ጠሩ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮም የከተማዋ ነዋሪዎች ያላቸውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ አስመዝግበው አካባቢያቸውን ለመጠበቅ እንዲዘጋጁ አሳወቀ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ «ያለ ፈቃድ ከያዝህ ትታሰራለህ» የነበረው «የያዝኸውን ይዘህ ና» ሆነ። በየሠፈሩ ወጣቶች ዱላ ይዘው ሮንድ ወጡ፤ መታወቂያ ጠየቁ፣ የመኪና ኮፈን አስከፈቱ። መሣሪያ ያለው ሰው ባንድ ጊዜ ከተጠርጣሪነት ወደ አለኝታነት ከፍ አለ። አገር በአደጋ ላይ ናት፣ ሌላ ምን ይደረግ ነበር ሊባል ይችላል፤ እኔም በዚያ ሰዓት የተሻለ መልስ ነበረኝ አልልም። ግን ሕጉ ምን እንደ ሆነ በስሙ እንጥራው፤ ታገደ።

ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ጥቅምት 23፣ ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱን የሚያቆመው ስምምነት ተፈረመ። በጥር 2015 የትግራይ ኃይሎች ከባድ መሣሪያቸውን አጉላዕ ላይ ማስረከብ ጀመሩ። ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ኑሯቸው የመመለስ ዕቅድ አወጣ። መጋቢት 2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሶ እንደሚያደራጅ አስታወቀ። ውሳኔው በመርሕ ትክክል ነበር፤ አሥራ አንድ ጦር ያላት አገር የመሣሪያ ሕግ አላት ማለት አይቻልም። አማራ ክልል ውስጥ ግን ጎዳናው በተቃውሞ ተሞላ። የተቃዋሚው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ትናንት «ያለህን ይዘህ ዝመት» ያልከኝ፣ ጎረቤቴ ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ ዛሬ እኔን ለምን? ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ፋኖ ከሚባለው የታጠቀ ኃይል ጋር የሚደረገው ውጊያም ቀጠለ።

ይህ ጥያቄ የአማራ ብቻ አይደለም። ከድንበራችን ብዙም ሳይርቅ፣ ሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ካራሞጃ የሚባል የአርብቶ አደር አገር አለ። የሙሴቬኒ መንግሥት በአውሮፓውያኑ 2001 መጨረሻና በ2002 «በፈቃዳችሁ አስረክቡ» ብሎ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ሰበሰበ። ያስረከበው ወገን ወዲያው ያላስረከቡ ጎረቤቶቹ፣ ከኬንያ የሚሻገሩት ቱርካናና ፖኮት ሳይቀሩ፣ ከብቱን ነዱበት። ይጠብቀዋል የተባለው ወታደር ሌላ ግዳጅ ነበረበት። በአውሮፓውያኑ 2006 መንግሥት እንደገና ሲመጣ መንደር ከብቦ በጉልበት ፈተሸ፤ የሰብዓዊ መብት ክሱም ተከተለ። ትጥቅ መፍታት በተራ የሚደረግ ከሆነ፣ መጀመሪያ የፈታው ይቀጣል። ካራሞጃን ያየ የእኛ ባለሥልጣን ቢኖር ኖሮ መጋቢት 2015 ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብዬ እገምታለሁ።

የተሳካውን ምሳሌም እንይ። በ1988 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር አውስትራሊያ ውስጥ ፖርት አርተር በሚባል ቦታ አንድ ሰው 35 ሰዎች ገደለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የፌዴራሉና የየግዛቱ መንግሥታት በአንድ የመሣሪያ ስምምነት ተስማሙ፤ መንግሥት ዋጋ እየከፈለ 650 ሺህ ያህል መሣሪያ ገዝቶ ፈጨው። ከዚያ ወዲህ በመሣሪያ የሚሞተውና ራሱን የሚያጠፋው ሰው ቁጥር ወርዷል፤ ቁልቁለቱ ከሕጉ በፊትም ጀምሮ ስለ ነበረ ድርሻው ምን ያህል ነው በሚለው አጥኚዎቹ ይከራከራሉ። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ክርክሩ አይደለም። አውስትራሊያ ደሴት ናት፤ እኛ ከስድስት አገሮች ጋር እንዋሰናለን። አውስትራሊያዊው ገበሬ መሣሪያውን ሲሰጥ ቼክ ተቀበለ፤ ማታ ሌባ ቢመጣ የሚደውልለት ፖሊስ አለው። የኛው ገበሬ ሲሰጥ የሚቀበለው ደረሰኝ ነው፤ እሱም ከተገኘ። ጥጃ ሸጦ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ምርቱን አጠራቅሞ የገዛውን ንብረት ያለ ካሣ የሚወስድ ሕግ ለእሱ ሕግ ሳይሆን ዝርፊያ ነው። የመሣሪያ ግዢ ፕሮግራም ውድ ነው ለሚል ባለሥልጣን መልሱ አንድ ነው፤ የዘመቻው ወጪ ምን ያህል ነበር?

ወደ ሳሪስ አቦ እንመለስና፣ እዚያ ለምን ይሠራል የሚለውን እንጠይቅ። ቦታው ቀላል አይደለም። በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ነው፤ ከጅቡቲና ከሞያሌ የሚመጣው ጭነት በቃሊቲ ጉምሩክ በኩል የሚያልፍበት፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ሰው የሚወርድበት የከተማዋ አፍ ነው። ኮንትሮባንድ እንዲያልፍበት የተሠራ ይመስላል። ፖሊስም «ልዩ ቦታው ሳሪስ አቦ እየተባለ በሚጠራው አካባቢ» ብሎ የሚጀምር መግለጫ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ሆኖም በዚህ ሠፈር የሚኖር ተራ ሰው መሣሪያ አያስፈልገኝም ብሎ ያምናል፤ ሰርግ ላይ ርችት እንኳ ሲተኮስ ፖሊስ አይወደውም። የቅጣቱ ክብደት አይደለም ያሳመነው። የቤቱ ድንበር በካርታ ተመዝግቧል፤ የሚጠብቀው ከብት የለውም፤ ጎረቤቱ እንዳልታጠቀ ያውቃል፣ ጎረቤቱም የእሱን ያውቃል። ባንኩ በር ላይ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ የሚያንቀላፋው ዘበኛ የድርጅት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በር ክንዱን የሚዘረጋውም ሌላው ሁሉ እንደሚፈተሽ በዓይኑ ስለሚያይ ነው። ሕጉ እዚያ የሚሠራው ለሁሉም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ በር ስለሚሠራ ነው።

ገጠሩ እንዲህ ያለ በር ኖሮት አያውቅም። የመሬት ሙግቱ ፍርድ ቤት ዓመታት ይፈጃል፤ ከብት ሲነዳበት የወረዳው ፖሊስ መኪና ነዳጅ የለውም፤ የአጎራባቹ ወረዳ ሚሊሻ እንደ ታጠቀ ነው። በዚህ ላይ በየአሥር፣ በየአሥራ አምስት ዓመቱ መንግሥት ራሱ መጥቶ «ታጠቅ» ይለዋል። እንዲህ ላለው ሰው አዋጅ 1177 ገና አልደረሰውም፤ በነጋሪት ጋዜጣ ብቻ ወጥቷል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ሕጉ በከተማ ይዟል፤ በገጠር ገና አልተጀመረም፤ ያዳከመውም ኮንትሮባንዲስቱ ሳይሆን ያወጣው መንግሥት ነው። እንደገና ይጀመር ከተባለ የምክር ቤቱ አባላት ቅጣት ለመጨመር አይቸኩሉ፤ ቅጣቱ በቂ ነው። ከቅጣት በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይደንግጉ፦ በጦርነት ጊዜ ለሕዝብ የታደለ ወይም የተመዘገበ መሣሪያ በስንት ወር ውስጥ እንደሚመለስ፣ ለግል መሣሪያ ምን ያህል ካሣ እንደሚከፈል፣ አጎራባች ወረዳዎች በአንድ ቀን እንዲፈቱ የሚያደርገው አካል ማን እንደሆነ። ሦስቱ ሳይጻፉ የሚላክ የትጥቅ ማስፈታት ቡድን ካለ፣ ወደየትም ገጠር ባይላክ ይሻላል።